ግማሽ ሰከንድ ያዳነው ሰርቨር፦ የጋራ ላይብረሪዎችን ማን ይጠብቃቸው?

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 (መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.) የሊኑክስ ዓለም ትልቅ ድንጋጤ ውስጥ ገባ። ምክንያቱ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ኢንጂነር ይፋ ያደረገው ግኝት ነው።

ፍሮይንድ ዋና ሥራው ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ ነው እንጂ ሰርጎ ገብ ማሳደድ አይደለም። አንድ የሙከራ ማሽን ላይ ፍጥነት እየለካ ሳለ፣ ሰርቨርን ከርቀት ለመግባት የምንጠቀምበት ኤስኤስኤች ፕሮሰሰሩን ከልክ በላይ ሲበላ አየ። መግቢያውም ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቷል። ብዙዎቻችን ብንሆን "ኔትወርኩ ነው" ብለን እናልፈው ነበር። እሱ ግን ክሩን እየጎተተ ሄዶ ኤክስዜድ የሚባል የፋይል መጭመቂያ ላይ ደረሰ። እዚያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። ምስጢራዊ ቁልፉን የያዘ ሰው ያለ ፓስወርድ ገብቶ የፈለገውን ትዕዛዝ እንዲያስኬድ የሚያደርግ ነው። የአደጋው መጠን ከ10፣ 10 ተሰጠው።

አደጋው በጊዜ ከሸፈ። ጥያቄው ግን እንዳለ ነው። ፋይል መጭመቂያና የሰርቨር መግቢያ ምን አገናኛቸው?

▪ የሰፈሩ ቦኖ

ሼርድ ላይብረሪ ማለት ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ጥቅል ነው። ፋይል መጭመቅ፣ መረጃ ማመስጠር፣ ቀን መቁጠር ለሁሉም የሚያስፈልግ ሥራ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ከሚጽፍ፣ አንዱ ይጽፈውና ሌሎቹ ይጠሩታል። የሰፈር ቦኖ በሉት። ቦኖው ሲጠገን ሰፈሩ በሙሉ ንጹህ ውሃ ያገኛል፤ ሲበከልም ሰፈሩ በሙሉ ይታመማል።

የኦፕን ሶርስ ዓለም የቆመው በእንዲህ ዓይነት ቦኖዎች ላይ ነው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ቦኖውን የሚጠብቀው አንድ ሰው፣ ያውም ያለ ደመወዝ መሆኑ ነው። ኤክስዜድን ለዓመታት የተሸከመው ላሴ ኮሊን የሚባል ፊንላንዳዊ ነው።

▪ ወጥመዱ እንዴት ተጠመደ?

በ2021 "ጂያ ታን" የሚል ስም ብቅ አለ። ትንንሽና ጠቃሚ ማስተካከያዎችን ይልክ ጀመር። በ2022 ደግሞ ሌሎች የማይታወቁ ስሞች ተነስተው ኮሊንን ይወተውቱት ያዙ፤ ሥራው ተጓተተ፣ ሌላ ሰው ጨምር እያሉ። ኮሊን ሥራው ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ እንደሆነ፣ አቅሙም የተወሰነ እንደሆነ በግልጽ ተናግሮ ነበር። በመጨረሻ "ጂያ ታን" ኮዱን በቀጥታ የመለወጥ ሥልጣን አገኘ።

በፌብሩዋሪ 2024 ቁጥር 5.6.0፣ በማርች ደግሞ 5.6.1 ወጡ። የተመረዘው ኮድ የተደበቀው ለሙከራ የተቀመጡ በሚመስሉ ፋይሎች ውስጥ ነው። እሱን የሚቀሰቅሰው መስመር ደግሞ ሁሉም በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ የለም፤ ለሥርጭት በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው ያለው። "ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ያየዋል" የሚለው መጽናኛ እዚህ ላይ አልሠራም። ከስሙ ጀርባ ማን እንዳለም በይፋ አልተረጋገጠም።

እሺ፣ ወደ ኤስኤስኤች እንዴት ደረሰ? የሚገርመው፣ ኤስኤስኤች ራሱ የኤክስዜድን ላይብረሪ አይጠቀምም። ዴቢያንና ፌዶራን የመሳሰሉ አከፋፋዮች ግን ኤስኤስኤች መነሳቱን ለሲስተምዲ እንዲያሳውቅ ብለው ትንሽ ኮድ ጨምረውበት ነበር። ያ ኮድ የሲስተምዲን ላይብረሪ ይጠራል፤ የሲስተምዲ ላይብረሪ ደግሞ የኤክስዜድን። ሠርግ ላይ የተጠራው እንግዳ የራሱን እንግዳ ይዞ እንደሚገባው ማለት ነው። ባለሠርጉ ግን የጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው።

▪ ማክና ዊንዶውስ ለምን አልተነኩም?

ይሄኛው ክፍል ብዙ ሰው የዘለለው፣ ግን ለሶፍትዌር ሠሪዎች ትልቅ ትምህርት ያለው ነው። ወጥመዱ ከመሠራቱ በፊት ዙሪያውን ይፈትሻል፦ ሊኑክስ ነው? ፕሮሰሰሩ 64 ቢት የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ዓይነት ነው? ጥቅሉ እየተዘጋጀ ያለው በዴቢያን ወይም በሬድሃት ቤተሰብ አሠራር ነው? አንዱ ካልተሟላ ዝም ብሎ ያልፋል።

በማክ ላይ ሆምብሩ በሚባለው መጫኛ አዲሱን ኤክስዜድ ያወረዱ ሰዎች ቁጥሩ ያው የሆነ ሶፍትዌር ነበራቸው፤ ወጥመዱ ግን እነሱ ጋ አልተሠራም። ሆምብሩም ለጥንቃቄ ወደ አሮጌው መለሳቸው። እንግዲህ "እኔ ላፕቶፕ ላይ ሠርቷል" የሚለው የተለመደ ማረጋገጫ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ እዩት። አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ግን በሁለት ማሽን ላይ ሁለት የተለያየ ነገር።

በሌላ በኩል፣ በየቀኑ የምናማርርበት የሲስተሞች መለያየት እዚህ ላይ እንደ እሳት መከላከያ አጥር ሆኗል። ወጥመዱ ሁሉም ቦታ በደንብ ሊገጥም አልቻለም። የመጀመሪያው እትም የማህደረ ትውስታ መፈተሻ መሣሪያዎች ላይ ስህተት እያሳየ ስላስቸገረ፣ ሁለተኛው ያንን ለመሸፈን ተጣደፈ። ባለ ወጥመዱም እንደ ማንኛውም ፕሮግራመር በተኳኋኝነት ችግር ተፈትኗል።

▪ አፕዴት እናድርግ ወይስ አናድርግ?

ሁለት ታሪኮች ሁለት የሚቃረን ምክር ይሰጡናል።

አንደኛው የ2014ቱ ሃርትብሊድ ነው። ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ላይ ለሁለት ዓመት ያህል ሳይታይ የቆየ ስህተት ከሰርቨር ትውስታ ምስጢር ያስወጣ ነበር። የዚያ ቀን ምክር "ቶሎ አድሱ" ነው። ኤክስዜድ ላይ ግን የተጋለጡት አዲሱን ቀድመው የጫኑት ናቸው፤ የተረጋጋውን እትም የያዙት አልተነኩም።

ሦስተኛም አለ። በኦገስት 2022 ጂሊብሲ የሚባለው መሠረታዊ የሊኑክስ ላይብረሪ በቁጥር 2.36 አንድ አሮጌ የስም ማውጫ ሠንጠረዥ ከመደበኛው አሠራር አወጣ። ከ2006 ጀምሮ ፈጣን ምትክ ስላለው አያስፈልግም ተብሎ ነው። አንድ የጌም ማጭበርበር መከላከያ ፕሮግራም ግን አሁንም ያንን አሮጌ ሠንጠረዥ ይፈልግ ነበርና፣ ሊኑክስ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች ጌሞቻቸው አልነሳ አሏቸው። አከፋፋዮች ሠንጠረዡን መልሰው አስገቡት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሆኖም ቦኖው ሲቀየር የአንዱ ጀሪካን አልገጥም አለ።

በእኛ እይታ ክርክሩ "እናድስ ወይስ አናድስ" ላይ መቆም የለበትም። የደህንነት ጥገናና አዲስ እትም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንደ ዴቢያን የተረጋጋ እትም ያሉት የሚሠሩት ይህንኑ ነው፦ እትሙን ሳይቀይሩ ጥገናውን ብቻ ወደ አሮጌው ላይብረሪ ይመልሳሉ። ግን ይህ በራሱ አይሆንም፤ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አንብቦ፣ ሞክሮ የሚሠራው ነው።

▪ ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ሃርትብሊድ ሲፈነዳ፣ የዓለም ባንኮችና የንግድ ድረ ገጾች የሚተማመኑበት ኦፕንኤስኤስኤል በዓመት የሚያገኘው መዋጮ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ እንደነበረ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ትልልቅ ኩባንያዎች በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ አዋጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ያው ታሪክ በሌላ ቦኖ ላይ ተደገመ።

የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ የሳይበር ተቋቋሚነት ሕግ አውጥቷል። አምራቾች ጥቃት እየደረሰበት ያለ ቀዳዳ ሲያውቁ የማሳወቅ ግዴታቸው ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ይጀምራል፤ ዋናዎቹ ግዴታዎች ደግሞ ከዲሴምበር 11 ቀን 2027። ጥሩው ነገር ሸክሙን በዋናነት የሚጥለው ምርቱን በሚሸጠው ላይ ነው እንጂ በነጻ በሚሠራው በጎ ፈቃደኛ ላይ አይደለም። ኩባንያዎቹ ግን ለበጎ ፈቃደኛው የሚልኩት ገንዘብና የሰው ጉልበት ይሆናል ወይስ የሚሞላ ፎርም? ፎርም ብቻ ከሆነ፣ ለቀጣዩ "ጂያ ታን" መንገዱ ይበልጥ ይጠረጋል።

▪ ሰርቨር ለምታስተዳድሩ

👉 ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ላይ የሙከራ እትም አትጫኑ።
👉 የደህንነት ጥገና ግን አታዘግዩ። "እየሠራ ነው አትንኩት" ማለት የሃርትብሊድን በር ክፍት መተው ነው።
👉 ፕሮግራማችሁ በተዘዋዋሪ የሚጠራቸውን ላይብረሪዎች ጭምር ዘርዝራችሁ ያዙ። የእንግዳውን እንግዳ እወቁ።
👉 አዲስ ነገር ስትሞክሩ ሰርቨሩን በሚመስል ማሽን ላይ ይሁን።

በነገራችን ላይ፣ የኤስኤስኤች ሠሪዎች ከሦስት ወር በኋላ ባወጡት 9.8 እትም ለሲስተምዲ የማሳወቁን ሥራ ያለ ተጨማሪ ላይብረሪ ራሳቸው ሠርተውታል። ይህን ሁሉ መዘዝ ያመጣው ሰንሰለት የተተካው በጥቂት መስመር ኮድ ነው።

ኤክስዜድ ላይ በሩን የከፈተው ጊዜ ያጣ ሰው ነው፤ የዘጋውም ግማሽ ሰከንድን ለመመርመር ጊዜ የነበረው ሰው። እስካሁን ከዚህ ሁለተኛው ዓይነት ሰው እንዲኖረን የምንጠብቀው በዕድል ነው።

እናንተስ? በሥራ ቦታችሁ ላይብረሪ የሚያድሰው ማነው? ሐሳባችሁን አካፍሉን፤ ለሚመለከተውም ሼር አድርጉት።