ያ 36.5 የሚባል ቁጥር

በየዋርዱ የማይለወጥ ቁጥር ቢኖር 36.5 ነው። ጭንቅላቱን የተጎዳ ሰው ቻርት ላይ ጠዋት 36.5፣ ማታ 36.5፣ ሌሊትም 36.5። ደረቱን ስትነኩት ግን ይፋጃል! ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው፤ ብትቀየሙኝም ቅር አይለኝም።

"ቴርሞሜትር የለም" ትሉኛላችሁ። አንዳንድ ቦታ እውነት ነው። ታዲያ "አልተለካም" ብላችሁ ጻፉ! ባዶ ቦታ ያየ ሐኪም ይጠይቃል፤ የፈጠራ 36.5 ያየ ግን አልፎ ይሄዳል። ለሲቲ ስካን ቤተሰብ በሬ ይሸጣል፣ እኛ ብብት ውስጥ ቴርሞሜትር ማቆየት ያቅተናል።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ከኦክስጅኑ 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ትኩሳት ሲመጣ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ያበጠ አንጎል ደግሞ ያለውም ደም በቅጡ አይደርሰውም። ብብት ላይ 38.5 ካነበባችሁ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ነው። ትኩሳት ያለባቸው ታካሚዎች ውጤታቸው የከፋ መሆኑ ደጋግሞ ታይቷል። "ትኩሳቱ የጉዳቱ ክብደት ምልክት ቢሆንስ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን፤ ምልክትም ቢሆን ካልተለካ በምን ይታወቃል?

"እንግዲያው በበረዶ እናቀዝቅዘው" የምትሉ ደግሞ ቆይ፣ ረጋ በሉ። ተሞክሯል እኮ። በ2001 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 392 ታካሚዎች ተሳትፈው ግማሾቹ ወደ 33 ዲግሪ ቀዘቀዙ፤ ከቀዘቀዙት 28 በመቶ፣ ካልቀዘቀዙት 27 በመቶ ሞቱ። በ2015 ውጤቱ የወጣው ዩሮተርም ጭራሽ ጉዳት ያመጣል ተብሎ ተሰግቶ በመሃል ቆመ። በ2018 የወጣው ፖላርም ጥቅም አላገኘም። የቀዘቀዘ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም፣ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም ኦክስጅን ይጨርሳል። አደጋ ቦታ ራሱን የሳተ ሰው ላይ ውኃ የምትደፉም ተዉ፤ እሱንስ አልብሱት።

የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በየ4 ሰዓቱ በትክክል ለኩ። ከፍ ካለ ፓራሲታሞሉን በሰዓቱ ስጡ፣ "ብርድ እንዳይመታው" ተብሎ የተደረበውን ጋቢ አንሱ፣ ቤተሰቡንም በትህትና አስረዱ። ከዚያ መነሻውን ፈልጉ፦ ሳንባው፣ የሽንት ቱቦው፣ ቁስሉ፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ የሚፈስ ውኃ መሳይ ፈሳሽ። ከቆላ የመጣ ከሆነ ወባም አትርሱ።

አሁን ተረኛ የሆናችሁ፣ ዋርዳችሁ ውስጥ የሚሠራ ቴርሞሜትር ስንት አለ? ቁጥሩን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ከሌለም "የለም" በሉ፣ 36.5 እንዳትሉኝ ብቻ።