የደጋ ኑሮና የሰውነት ክብደት

ብቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብለው የተቈረቈሩ ከተሞች ናቸው። በዚህ አገር አንድ ተማሪ ከስቶ ሲታይ፣ «የደጋ ልጅ ነውና ብርዱ አክስቶት ነው» የሚሉ አይታጡም።

አባባሉ ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ የጀርመን ሐኪሞች ከልክ በላይ የወፈሩ 20 ወንዶችን በ2,650 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ሳምንት ቢያስቀምጧቸው፣ የሚበሉት ቀንሶ በአማካይ 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ከሱ። ነገር ግን እነዚህ ከዝቅተኛ ስፍራ የወጡ እንግዶች ነበሩ። የእኛ ደገኛ አካል ግን ቀጭኑን አየር ከለመደ ብዙ ትውልድ አልፎታል፤ በ2002 ዓ.ም. በታተመ ሌላ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው የተገኘው የኦክሲጅን መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ታይቶአል።

እንግዲህ ደጋውን ብቻ መውቀስ ኀላፊነትን መሸሽ ነው። ልጅን ከሚያከሱት ነገሮች ዋነኞቹ የምግብ ማነስና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን፣ የሆድ ትላትል፣ ንጹሕ ካልሆነ ውሃም የሚመጣ ተቅማጥ ናቸው። ተራራውን ዝቅ ማድረግ አይቻልም፤ እነዚህን ግን መከላከል ይቻላል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ የተማሪዎቻችሁን ክብደት በየሦስት ወሩ በሚዛን እየለካችሁ በመዝገብ አስፍሩ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ክብደቱ ባለበት ከቆመ ወይም ከቀነሰ፣ ወላጆቹን ጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ምከሩ። ወላጆችም ከእንጀራው ጋር ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ወተትና ዕንቍላል በተቻለ መጠን አቅርቡለት፤ ከምግብ በፊትም እጁን በሳሙና መታጠብን አስለምዱት።