ዕጣው የሚሰጠውና የሚነሣው፦ ስለ ዳርት ውድድራችን አደረጃጀት

በየመሥሪያ ቤቱ የስፖርት ውድድር ውስጥ ዳርት ከዳማ፣ ከቼዝ፣ ከጠረጴዛ ቴኒስና ከገመድ ጉተታ ጎን የሚሰለፍ ጨዋታ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በሚያዘጋጃቸው የሠራተኞች ውድድሮችም ቦታ አለው። ተወዳጅነቱን ለመረዳት አያስቸግርም። የሰሌዳው ማዕከል ከወለሉ 1.73 ሜትር ከፍ ብሎ የሚሰቀልበት ግድግዳ፣ ከሰሌዳው ፊት በ2.37 ሜትር ርቀት የሚሰመር የመወርወሪያ መስመርና ጥቂት ዳርቶች ካሉ ውድድር ማካሄድ ይቻላል፤ ሜዳ አይጠይቅም፣ ዕድሜም አይመርጥም። ከዚሁ ቅለቱ የተነሣ ግን ስለ አደረጃጀቱ በቁም ነገር የሚያስብ ሰው እምብዛም አይገኝም። ስም ይመዘገባል፣ ወረቀት ይጠቀለላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይሰናበታል። ይህ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ዙር አንሥቶ በጥሎ ማለፍ የማጫወት ልማድ ለአነስተኛ የአካባቢ ውድድር እንደማይስማማ ይሞግታል።

ባለፈው ዓመት በአዘጋጅ ኮሚቴ አባልነት የተሳተፍኩበት አንድ የሠራተኞችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ውድድር 32 ተመዝጋቢዎች ነበሩት። (ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት ስታትስቲክስ ስለማጠና «ድልድሉን እሱ ይሥራው» ተብሎ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምነቅፈውን ድልድል የሠራሁት እኔው ነኝ።) በአንድ ቅዳሜ ለመጨረስ ስንል እያንዳንዱ ግጥሚያ በአንድ ሌግ፣ ማለትም ከ501 ተነሥቶ ዜሮ እስኪደረስ በሚደረግ አንድ ጨዋታ ብቻ፣ እንዲወሰን አደረግን። ረፋዱ ላይ 16 ሰዎች ወደየቤታቸው ሄደው ነበር። ከእነዚህ አንዷ ሁለት ወር ሙሉ በምሳ ሰዓት ስትለማመድ የከረመች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ዕጣው ከቀደመው ዓመት አሸናፊ ጋር አገናኛት፤ ሁሉም ነገር በጥቂት ደቂቃ አለቀ። ዘንድሮ ስሟን እንድታስመዘግብ ስጠይቃት «ዕጣዬን አየሁት እኮ ወንድሜ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጥሎ ማለፍን የሚደግፉ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት ምክንያት የውድድር ዓላማ የተሻለውን መለየት ነው የሚል ነው። ስሌቱ ግን አይደግፋቸውም። አንድ ተጫዋች በማንኛውም ተጋጣሚ ላይ አንድን ሌግ የማሸነፍ ዕድሉ 60 በመቶ ነው እንበል፤ ይህ ግልጽ ብልጫ ነው። በ32 ሰዎች ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ለመውሰድ 5 ግጥሚያዎችን በተከታታይ ማሸነፍ ይኖርበታል። ግጥሚያው በአንድ ሌግ የሚወሰን ከሆነ ዋንጫውን የማግኘት ዕድሉ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከሦስት ሌግ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል ቢባል የአንዱ ግጥሚያ ዕድል ወደ 64.8 በመቶ፣ የዋንጫው ደግሞ ወደ 11 በመቶ ያድጋል። ከአምስት ሦስት ቢደረግ እንኳ የዋንጫው ዕድል ከ15 በመቶ አያልፍም። በዚህ ስሌት የሌጎቹ ውጤት እርስ በርሱ የማይነካካ እንደሆነ ወስጃለሁ፤ ቀድሞ የሚወረውረው ሰው ያለውን ብልጫም ትቼዋለሁ። ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነው፤ ምርጡን መለየት ዓላማችን ከነበረ የመረጥነው መንገድ ለዚያ አይበቃም። ዓላማችን ሰው ከሰው ጋር እንዲገናኝና ከወንበሩ እንዲነሣ ከነበረ ደግሞ ግማሹን ሰው በአንድ ጨዋታ ማሰናበት ለምን አስፈለገ?

በእኔ እምነት መልሱ ለዕጣ ካለን አክብሮት ይመነጫል። ኮሚቴው ለወዳጁ አደላ የሚለው ሐሜት የሚቆመው ዕጣ በሰው ፊት ሲወጣ ነው፤ ይህን አልንቅም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሐሜት ምን እንደሚያፈርስ ሁላችንም እናውቃለን። ግን እቁብን እንመልከት። በእቁብ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ዛሬ ያልወጣለት በሌላ ቀን ይወጣለታል፣ ዙሩ ሲያበቃ እያንዳንዱ የጣለውን ያህል አንሥቷል። በጥሎ ማለፍ ግን ዕጣው ከብርቱው ጋር ያገናኘው ሰው ድርሻ እዚያው ያበቃል፤ የከፈለው የመመዝገቢያ ገንዘብ ግን አምስት ጊዜ ከተጫወተው ሰው ጋር እኩል ነው። ዕጣ አድልዎን ይከላከላል፤ ድርሻን ግን አያስተካክልም። ኮሚቴዎቻችን፣ የእኔው ጭምር፣ ሁለቱን አንድ አድርገው ይወስዷቸዋል።

አማራጩ አዲስ አይደለም። ግራንድ ስላም ኦፍ ዳርትስ የተባለው የባለሙያዎች ውድድር በ2007 እ.ኤ.አ. ሲጀመር 32 ተጫዋቾችን አራት አራት አድርጎ በ8 ምድብ ያጫውትና ከየምድቡ ሁለቱን ወደ ጥሎ ማለፍ ያሳልፍ ነበር። በእኛ ሁኔታ ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል በሰዓት እንመልከተው። አራት ሰዎች ያሉበት ምድብ 6 ግጥሚያዎች አሉት፤ ለአንዱ ግጥሚያ 20 ደቂቃ ቢመደብ ምድቡ በሁለት ሰዓት ያልቃል። አራት ሰሌዳ ካለን ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ ሰሌዳ ሰጥተን አራቱን ምድቦች ከሥራ በኋላ ከ11፡00 እስከ ምሽቱ 1፡00 ሰዓት፣ የቀሩትን አራቱን ደግሞ በማግሥቱ በተመሳሳይ ሰዓት ማጫወት ይቻላል። ለቅዳሜ የሚቀሩት 16 ሰዎችና 15 ግጥሚያዎች ናቸው፤ እነርሱም ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃሉ። ሌላም ጥቅም አለ። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለቱ ሲጫወቱ ሁለቱ ሥራ ፈት ስለሚሆኑ አንዱ ነጥብ ይጠራል፣ ሌላው እየቀነሰ ይጽፋል። ባለፈው ዓመት ዳኛ ፍለጋ በየቢሮው የዞርነውን መዞር ሳስብ፣ ለእኔ ይህ ብቻውን የሚበቃ ምክንያት ነበር።

ደካማው ተጫዋች ምን ያተርፋል? ከላይ የጠቀስኩት ብርቱ ተጫዋች ከሦስት ሌግ በሚወሰን ግጥሚያ 64.8 በመቶ ካሸነፈ፣ የሚገጥመው ሰው የማሸነፍ ዕድል 35.2 በመቶ ነው። በጥሎ ማለፍ ይህ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አሸንፎ የመውጣት ዕድሉ ይኸው 35.2 በመቶ ነው። በምድብ ሦስቱም ተጋጣሚዎቹ ያንኑ ያህል ቢበልጡት እንኳ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን የማሸነፍ ዕድሉ 73 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ወደ ቀጣዩ ዙር ላያልፍ ይችላል፤ ነገር ግን ሦስት ጊዜ ተጫውቶ፣ ምናልባትም አንድ ጊዜ አሸንፎ ይመለሳል።

የምድብ ጨዋታ ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም። በጥሎ ማለፍ የቀረ ሰው የሚያስከትለው ተጋጣሚው በፎርፌ እንዲያልፍ ብቻ ነው፤ በምድብ ግን የሦስት ሰዎችን ውጤት ያዛባል። ስለሆነም አንድ ግጥሚያ ላይ ያልተገኘ ሰው የሌሎቹም ግጥሚያዎቹ ውጤት እንዲሰረዝ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ሦስት ሰዎች በእኩል ድል ሊጨርሱም ይችላሉ፤ የሌግ ልዩነት፣ እሱም ካልለያቸው እያንዳንዳቸው 9 ዳርት ወርውረው የሚያመጡት ድምር ሊለያቸው ይችላል። ከሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው ግጥሚያ ነው። ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ በተራ ስለሚጫወቱ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች ምን ዓይነት ውጤት እንደሚበቃቸው ያውቃሉ፤ ለመተዛዘን ክፍት ቦታ አለ። ለዚህ የተሟላ መፍትሔ አላገኘሁም፤ በአንድ ክፍል የሚሠሩ ሰዎችን በተለያየ ምድብ ማስቀመጥ ግን ይቀንሰዋል።

ሰዓቱ ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ከጨዋታው ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው። 501 ተጫውቶ በእጥፍ ቀለበት መዝጋት ለጀማሪ ፈተና ነው፤ ጥቂት ነጥብ ቀርቶት ቀለበቱን ሳያገኝ ሲወረውር የሚቆይ ሰው የሁሉንም መርሐ ግብር ያዘገያል። ስለዚህ በምድብ ደረጃ 301 ቢሆን፣ በማንኛውም ቁጥር መዝጋት ቢፈቀድ፣ ከ10 ዙር በኋላ ካልተዘጋ ደግሞ ለማዕከሉ ይበልጥ ያስጠጋ ቢያሸንፍ ይሻላል። ለአንድ ተራ 20 ሴኮንድ ብንቆጥር 10 ዙር ለሁለት ሰው ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሦስት ሌግ ከተመደበው 20 ደቂቃ ብዙም አይርቅም። 501 ከነእጥፍ መዝጊያው ለቅዳሜ ይቆይ።

እግረ መንገዴን፣ ከምዝገባ ቅጹ ጋር ለጀማሪዎች አንድ ምክር ቢታደል መልካም ነው። ሁሉም ሰው የባለሙያዎቹን አርአያ ተከትሎ ወደ ሦስት እጥፉ 20 ያነጣጥራል፤ የ20 ጎረቤቶች ግን 5 እና 1 ናቸው። ሰሌዳው የተደረደረው ያልረጋን እጅ በሚቀጣ መንገድ ነው። ራያን ቲብሺራኒ፣ አንድሩ ፕራይስና ጆናታን ቴይለር በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት እጁ ያልረጋ ሰው ጎረቤቶቹ 7 እና 3 ወደሆኑት ወደ ሦስት እጥፉ 19 ቢያነጣጥር ይሻለዋል፤ ይበልጥ ለሚስት ደግሞ ከማዕከሉ ጥቂት ወደ ግራ የተሻለ ነጥብ ያስገኛል። ባለፈው ዓመት ይህን አውቅ ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም፣ ምክንያቱም እኔም ተወዳዳሪ ነበርኩ።

ጥሎ ማለፍ የሚፈጥረው ግለት እንደማይካድ አውቃለሁ፤ የፍጻሜው ዕለት አዳራሹ የሚሞላው በእርሱ ነው፣ ስለዚህ ለቅዳሜ ትቼዋለሁ። ዘንድሮ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ኮሚቴው እንዲወስን የምጠይቀው ሁለት ምሽት አራት ሰሌዳ እንዲፈቀድልንና በቅጹ ላይ «እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ቢያንስ 3 ግጥሚያ ይጫወታል» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር ነው። መስመሩ ከተጨመረ ቅጹን ይዤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመልሼ እሄዳለሁ።