ቆዳው ለምን ተጣለ?

ቀድሞ በዓውዳመት ማግስት «የበግ ቆዳ ያለው!» እያለ በየደጁ የሚጣራ ገዢ አይጠፋም ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ መንደሮች ቆዳው ከቆሻሻ ጋር ተጥሎ ማየት ለምደናል። በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነች አገር ይህ እንዴት ሆነ? የኬሚካልና የውጭ ምንዛሪ እጥረት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በእኔ እምነት ግን የንግድ ፖሊሲያችንም ተጠያቂ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ እንዲከፈልበት ታወጀ። ዓላማው ቀና ነበር፦ ጥሬ ዕቃ መላኩ ቀርቶ ጫማና ቦርሳ እንዲላክ፣ ወጣቱም ሥራ እንዲያገኝ። ይህን የሚጠላ የለም። ጥያቄው ዕዳውን ማን ከፈለው ነው።

የውጭ ገዢ በታክስ ሲታገድ ለቆዳው የሚፎካከሩት የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ብቻ ይሆናሉ። ገዢ ሲያንስ ዋጋ ይወርዳል። ፋብሪካው ዝቅ አድርጎ ሲገዛ ሰብሳቢው ከገበሬውና ከአርብቶ አደሩ ላይ ይቀንሳል። ይህ ድጎማ ከመንግሥት ካዝና ስላልወጣ በበጀት ሰነድ ላይ አይታይም፤ የተከፈለው ግን ከድሃው ኪስ ነው።

ጉዳቱ ለፋብሪካውም ተርፏል። በጉን ከእከክ ለማዳን መድኃኒት የሚገዛ፣ በግፈፋ ጊዜ ቢላዋውን የሚያስተውል፣ ቆዳውን ቶሎ በጨው የሚያሽ ሰው የሚገኘው ድካሙ ሲከፈለው ነው። ዋጋ የማያወጣ ቆዳ ተንከባካቢ የለውም። ስለዚህ ርካሽ ጥሬ ዕቃ እንዲያገኝ የታሰበለት ፋብሪካ የተቀደደና የተበላሸ ቆዳ ይረከባል።

«ገበያው ከተከፈተ ፋብሪካዎቻችን ይዘጋሉ» የሚሉ አሉ፤ የሠራተኞቹ ነገር ስለሚያሳስባቸው ስጋታቸው ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ፋብሪካው የሚያስፈልገው በወቅቱ የሚደርስ ኬሚካል፣ የማይቋረጥ መብራትና የተቀላጠፈ ጉምሩክ ነው። የገበሬውን ዋጋ መቁረጥ አንዱንም አይተካም። ድጎማ የግድ ከሆነም ከበጀት ወጥቶ፣ መጠኑ ታውቆ፣ ጊዜ ተቆርጦለት ይሰጥ።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና አባል ናት፤ የዓለም ንግድ ድርጅትን ለመቀላቀልም እ.ኤ.አ. በ2003 ካመለከተች ቆይታለች። ስለ ነፃ ንግድ ስንነጋገር የምናስበው ከውጭ የሚገባውን ዕቃ ብቻ መሆን የለበትም። የራሳችን አምራች ምርቱን እንዳይሸጥ ያጠርንበትን አጥር እናንሳ። ገበሬው የተሻለ ለሚከፍለው ሁሉ መሸጥ ሲችል ቆዳውን ይንከባከባል፤ ፋብሪካውም ጥራት ያለው ቆዳ የሚያገኘው ያኔ ነው።