መጀመሪያ ሺሺንዳ ከቦንጋ ጋር ትናበብ

መቼም በአገራችን ስብሰባ ያለ ማወዳደሪያ አገር አያምርበትም። በፊት ሲንጋፖርና ደቡብ ኮሪያ ነበሩ። የዲጂታል መታወቂያ ነገር ሲነሳ ደግሞ ተራው የህንድና የኢስቶኒያ ሆኗል። ፋይዳ ከሌሎች አገሮች መታወቂያ ጋር ይናበባል፣ ድንበር ይሻገራል፣ አህጉር ያገናኛል ይባልልናል። ይሁን፤ ደግ ነው። እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን፦ የሺሺንዳ ቀበሌ መዝገብ ከቦንጋ ባንክ ጋር ሳይናበብ ከናይሮቢና ከብራስልስ ጋር የሚናበበው በየት በኩል አልፎ ነው?

ጠላት እንዳንባል ቀድመን እንናገር። ፋይዳን እንደግፋለን። በቀበሌ መታወቂያ ላይ "ብሔር" የምትለዋ መስመር በየኬላው ስንቱን እንዳሸማቀቀች እናውቃለን። ፋይዳ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታና አድራሻ መዝግቦ፣ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና ፎቶ ወስዶ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። አዋጅም አለው፤ ቁጥር 1284/2015። ይህን ማመስገን አይከብደንም። የሚከብደን ሌላ ነው።

እስቲ ወደ ሺሺንዳ እንምጣ። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። አንዱ "ሺሺንዳ" ብሎ ይጽፋታል፤ ሌላው "ሽሽንዳ"፤ ሦስተኛው "ሺሽንዳ"። ዞኑም ያው ነው፤ ለአንዱ "ከፋ" ነው፣ ለሌላው "ካፋ"። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ "ኤፍ" አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለው ራሱ አልተቋጨም። ከተማና ዞን እንዲህ ከሆኑ የሰው ስም እንዴት ሊሆን ነው?

እንበልና አንድ የሺሺንዳ ቡና ገበሬ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ በእጅ ጽሑፍ "ኃይሌ" ተብለዋል። የጤና መድኅን ካርዳቸው "ሀይሌ" ይላል። የባንክ ደብተራቸው በላቲን ፊደል ጸሐፊው እንደመሰለው ጽፎታል። የተወለዱት ደርግ በገባ ዓመት ነው፤ ቀኑን የመዘገበ የለም። አንዱ መሥሪያ ቤት መስከረም 1 አለ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲመነዝር አንድ ዓመት ሳተ። ለጎረቤት አንድ አባወራ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ሰው ናቸው! በዚህ ላይ የውጭው ሲስተም "የቤተሰብ ስም" ይጠይቃል፤ እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የመናበብ ችግር የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ከሰርቨር በፊት፣ ከስምምነት በፊት፣ ከአንዲት "ሀ" ላይ።

"ሶፍትዌሩ እኮ አንድ ነው፣ ምን ቸገረ?" የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ፋይዳ የቆመበት ሞሲፕ የሚባለው ሶፍትዌር ባንጋሎር፣ ህንድ የተሠራና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው፤ ፊሊፒንስና ሞሮኮም ወስደውታል። ነገር ግን አንድ ዓይነት ሚዛን የገዙ ሁለት ቡና ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ሐቀኞች ናቸው ማለት አይደለም። የኬንያ መታወቂያ ለዜጋ የሚሰጥ ነው። ፋይዳ የሚሰጠው ለነዋሪ ነው፤ ዜግነትን አያረጋግጥም፤ የህንዱ አድሃርም እንደዚያው። ታዲያ ምኑን ከምኑ ነው የምናናብበው?

ያናበቡትን እንይ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዜጎቻቸው በመታወቂያ ብቻ ድንበር እንዲሻገሩ ፈቅደዋል። ይህን ያደረጉት መዝገባቸውን አንድ ጎተራ ውስጥ ገልብጠው ሳይሆን፣ አንዱ የሌላውን ካርድ ለማመን ተስማምተው ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ የአባል አገሮችን መታወቂያ በሦስት የአስተማማኝነት ደረጃ መደበ እንጂ ሁሉም አንድ ሲስተም ይግዛ አላለም። መናበብ ከመሣሪያ ይልቅ የመተማመን ጉዳይ ነው ማለት ነው። መተማመን ደግሞ አይገዛም።

ማወዳደር ከተፈለገም ሙሉውን እናወዳድር። ከህንድ የተመዝጋቢውን ብዛት ብቻ ቆርጦ ማምጣት ምንድን ነው? የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. አድሃር ለመንግሥት ድጎማ እንዲያገለግል ፈቅዶ፣ ለባንክ ሒሳብና ለሞባይል ቁጥር ግዴታ መሆኑን ግን ሽሯል። በእኛ አገር ደግሞ ብሔራዊ ባንክ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳን ግዴታ ያደረገው በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ጀምሮ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ክልል እንዲሰፋ ነው። ከኬንያስ? የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. የ"ሁዱማ ናምባ" ካርድ ሥርጭት ሕገ ወጥ ነው ያለው፣ በሰው መረጃ ላይ የሚያመጣው አደጋ ቀድሞ ስላልተጠና ነው። የኢስቶኒያ ዜጋ መረጃውን ማን እንዳየበት ገብቶ ማየት ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. 750 ሺሕ ገደማ ካርዶች ላይ የደኅንነት ጉድለት ሲገኝ መንግሥቱ ለሕዝቡ በይፋ ተናግሯል። ከእነዚህ አገሮች መቅዳት ያለብን ይህንን ነበር፤ ፍርድ ቤቱን፣ ጥናቱን፣ ግልጽነቱን።

"መጀመሪያ ሕዝቡ ይመዝገብ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይስተካከላል" ይባላል። አበው ግን "ሳይቃጠል በቅጠል" ነው ያሉት። ጉዳዩ ደግሞ ለከፋ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ ይጠይቃል። ተግባራዊነቱ ተደጋግሞ ቢራዘምም አልቀረም። ነገ ማሳው በሳተላይት ይታወቃል፤ ባለማሳው ግን ሦስት ስም ይዘው ይቀራሉ። የማሳው መዝገብ "ኃይሌ"፣ ባንኩ "ሀይሌ" ካለ የቡናው ብር የማን ነው?

ስለዚህ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ስም ከአማርኛም ሆነ ከከፊኛ ወደ ላቲን ፊደል የሚገለበጥበት አንድ የታወቀ ደንብ ይውጣ፤ የተሳሳተውም ሰው ሳይንከራተት እዚያው በአቅራቢያው ይታረም። ሁለተኛ፣ ዕድሜ ልኩን ሲቆፍርና ቡና ሲለቅም የኖረ ጣት አሻራ አልነበብ ሲል ባለቤቱ "ሲስተሙ እምቢ አለ" ተብለው አይመለሱ፤ ሌላ መንገድ በግልጽ ይቀመጥላቸው። ሦስተኛ፣ የውጭ አገር ተቋም ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ "አዎ ነው" ወይም "አይደለም" ይሁን እንጂ መዝገቡ አይገልበጥ፤ ማን እንደጠየቀም ባለቤቱ ይወቅ። አራተኛ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ቁጥጥሩን ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል፤ መዝጋቢውም ተቆጣጣሪውም አስፈፃሚው ከሆነ ገበሬው አቤት የሚሉት ለማን ነው? ለፓርላማ ብቻ ተጠሪ የሆነ ገለልተኛ አካል ይቋቋም።

"የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ" እንዳይሆንብን እንፈራለን። ብራስልስ ብትጠብቅ ምንም አትሆንም። የሺሺንዳው ገበሬ ግን ቡናቸውን ሸጠው፣ በራሳቸው ስም ብራቸውን ሊያወጡ የባንክ መስኮት ላይ ቆመዋል። መጀመሪያ እሳቸውን አንድ ሰው አድርጉልን።