ስለ ማጣሪያው አሸዋና ስለ ጠባቂው

ለአገር ገዥዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ መሬቶች የቀረበ አሳብ

የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ጭቃውን ዓይን ያየዋል፤ በውሃ ውስጥ የሟሟውን እርሳስ ወይም አርሰኒክ ግን ዓይንም አያየው፥ ምላስም አይለየው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይህ ነው። ሊቃውንት ይህን መርዝ ከውሃ የሚለዩበት ብልሃት አግኝተዋል፤ እኔም ብልሃቱን በአጭሩ ገልጬ፥ ያለ ጠባቂ መትከሉ ከንቱ መሆኑን ለማሳሰብ እወዳለሁ።

ብልሃቱ የተገኘው ሁላችን ከምንንቀው ከብረት ዝገት ነው፤ ሊቃውንት የብረት ኦክሳይድ ይሉታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1834 ዓ.ም. ቡንዘንና በርቶልድ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት እርጥብ የብረት ኦክሳይድ በአርሰኒክ ለተመረዘ ሰው ማርከሻ እንደሚሆን አስታወቁ። ዛሬም በማጣሪያ የሚሠራው ያው ጠባይ ነው። የታጠበ አሸዋ የብረት ጨው በሟሟበት ውሃ ተነክሮ በእሳት ሲደርቅ፥ እያንዳንዱ ፍሬ ቀይ የዝገት ልብስ ይለብሳል። ውሃው በመካከሉ ሲያልፍ መርዙ በፍሬው ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ቢጨመርበት ደግሞ ለመያዝ አስቸጋሪ የሆነውን የአርሰኒክ ዓይነት ወደሚያዘው ዓይነት ይለውጠዋል። እርሳስና መዳብ ውሃው ኮምጣጣ ሲሆን እምብዛም አይያዙም። ስለዚህ ላንዱ ጉድጓድ የበጀ አሸዋ ሳይመረመር ለሌላው ይበጃል ማለት አይቻልም።

ለዚህ ነገር ትልቁ አስተማሪ ባንግላዴሽ ነው። ሕዝቡ የኩሬና የወንዝ ውሃ እየጠጣ በተቅማጥና በኮሌራ ይጎዳ ስለ ነበር፥ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በመንግሥቱና በዩኒሴፍ ርዳታ እጅግ ብዙ ጉድጓዶች ተቆፍረው የእጅ ፓምፕ ተተከለባቸው። ውሃው ጠራ፥ ሕዝቡም ደስ አለው፤ አርሰኒኩን ግን የመረመረ አልነበረም። በ1993 ዓ.ም. ነገሩ ሲገለጥ የብዙ ሰው ቆዳ ተበላሽቶ፥ መዳፉና ውስጥ እግሩ ደድሮ ተገኘ፤ ካንሰርም የሚከተል ሆነ። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፥ በብዙ ጉድጓዶች ከ50 በላይ ነበረ። የዚያው አገር ተወላጅ የኬሚስትሪ ሊቅ አቡል ሁሳም ከብረትና ከአሸዋ የሚሠራ የቤት ማጣሪያ አበጅተው በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ የግሬንጀርን ሽልማት ተቀበሉ።

ነገር ግን አሸዋው እንደ ጎተራ ነው፤ ጎተራም ይሞላል። ሲሞላ አይጮህም፥ ውሃውም አይደፈርስም። ፎስፌትና ሲሊካ በውሃው ውስጥ ካሉ ስፍራውን ይሻሙታልና ፈጥኖ ይሞላል። እኔ ራሴ ለሥራ በሄድሁበት አንድ ወረዳ ግድግዳው በኖራ የተለቀለቀ ያማረ ማጣሪያ አይቼ፥ አሸዋው መቼ ተለወጠ ብዬ ብጠይቅ አንዱ ሌላውን እያመለከተ የሚመልስልኝ አጣሁ። ሴቶች ግን እንስራቸውን ሞልተው፥ ተማምነው ይሄዱ ነበር። መርዝ እንዳለ አውቆ የሚሸሽ ሰው ይድናል፤ ተጣርቶልኛል ብሎ የሚጠጣ ግን በምን ይጠንቀቅ?

ይህም የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰለን። በስምጥ ሸለቆአችን በአንዳንድ ጉድጓድ ከፍሎራይድ ሌላ አርሰኒክም ተገኝቷል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ ለማልፋት በክሮምየም ይሠራሉ፤ በአቃቂ ወንዝ ውሃም አትክልት ይለማል። ወንዝን ሙሉ በአሸዋ ማጥራት አይቻልምና፥ ፋብሪካው ውሃውን ሳያጠራ እንዳይለቅ መቆጣጠር የሹም ፋንታ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። መጀመሪያ፥ አዲስ ጉድጓድ ውሃው ሳይመረመር ለሕዝብ አይከፈት። ሁለተኛ፥ ለማጣሪያው ሁሉ በስሙ የሚጠየቅ ጠባቂ ይሾም፤ ውሃው የተመረመረበትንና አሸዋው የተለወጠበትን ቀን በመዝገብ ይጻፍ፤ የአሸዋው ዋጋም ከየዓመቱ በጀት ይያዝ። ሦስተኛ፥ የሞላው አሸዋ በእርሻ ወይም በወንዝ ዳር አይጣል፤ መርዙ ስፍራ ለወጠ እንጂ አልጠፋምና።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። ጠባቂ የማይቀጠርለት ማጣሪያ ግን ከቶ ባይሠራ ይሻላል፤ ሕዝቡን በከንቱ ያዘናጋልና። ማጣሪያውን የመረቀ ሹም የሚመሰገነው በምረቃው ቀን ሳይሆን፥ ከአምስት ዓመት በኋላ መዝገቡ ተከፍቶ ሲታይ ነው።