ፒክልቦል ላይ “ሌቭልህ ስንት ነው?” ሲሏችሁ



የዛሬው ስለ ጨጓራም ስለ ደም ግፊትም አይደለም፤ ስለ ፒክልቦል ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ “እሱ ደግሞ ምንድን ነው?” ትሉ ይሆናል። አሜሪካ ያላችሁት ግን ስሙን ሳትሰሙ የምትውሉበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ከእናንተው በኢንቦክስ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው “ዶክተር፣ እኔ 3.0 ነኝ፤ ከ3.5ዎቹ ጋር ብገባ ጉልበቴ ይችለዋል?” የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ “አባታችን የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ መጥተው ቤት ተዘግቶባቸው ነው የሚውሉት፤ 64 ዓመታቸው ነው፣ ድሮ ቴኒስ ይጫወቱ ነበር፤ የትኛው ግሩፕ ውስጥ ላስገባቸው?” ይላል።

ሁለቱም ጥያቄዎች ውስጥ አንድ የተምታታ ነገር አለ። ያ ቁጥር የሚለካው የጨዋታ ችሎታን ነው። ጉልበትን፣ ልብን፣ የዓይን ብርሃንን አይለካም። ሰው ግን አንዱን በሌላው ቦታ ይወስደዋል፤ ብዙው ጉዳት የሚመጣውም እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ፒክልቦል በ1965 ከሲያትል ማዶ ባለችው ቤይንብሪጅ ደሴት ላይ ጆኤል ፕሪቻርድ፣ ቢል ቤል እና ባርኒ ማካለም የፈጠሩት ጨዋታ ነው። ሜዳው የባድሜንተን ጥንድ ሜዳ ያህላል፤ 13.4 ሜትር በ6.1 ሜትር። ኳሷ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ፕላስቲክ ነች፤ መምቻው ደግሞ የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት አድጎ የጎረመሰ ይመስላል። ሰርቭ የሚደረገው ከታች ወደ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ለሁለት እስከ 11 ነጥብ ይጫወቱታል። ከመረቡ ግራና ቀኝ 2.13 ሜትር ስፋት ያለው “ኪችን” የሚሉት ቦታ አለ፤ እዚያ ውስጥ ቆሞ ኳሷን ሳትነጥር መምታት ክልክል ነው። በቃ ይኸው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል። የ25 ዓመት ወጣትና የ70 ዓመት አዛውንት አንድ ሜዳ ላይ የሚገናኙትም በዚህ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ዩኤስኤ ፒክልቦል የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ተጫዋቾችን በግማሽ በግማሽ እየጨመረ እስከ 5.5 እና ከዚያ በላይ ይመድባል። 2.5 ላይ ያለ ሰው ነጥብ መቁጠር ያውቃል፣ ጥቂት ኳሶችን መመላለስ ይችላል። 3.0 መካከለኛ ፍጥነት ያላትን ኳስ ይመልሳል፤ የት እንደምታርፍ ግን ገና አያዝዛትም። 3.5 ላይ አቅጣጫ ይመጣል፣ ኪችን ውስጥ በለስላሳው የምትወድቀው “ዲንክ” መሞከር ይጀምራል። 4.0 መቼ ማለዘብ፣ መቼ ማጠንከር እንዳለበት የሚመርጥና በራሱ ስህተት ብዙ ነጥብ የማይጥል ነው። ከዚያ በላይ ያሉትን እዚህ አንፈልጋቸውም፤ እነሱ ለኔ ኢንቦክስ አይጽፉም።

ከዚህ ሌላ “ዱፐር” የሚባል ከ2.000 እስከ 8.000 የሚሄድ ሥርዓት አለ። እሱ ሰው ስለ ራሱ የሚለውን አይሰማም፤ ከጨዋታ ውጤት ነው የሚያሰላው። ለወንድም ለሴትም፣ ለወጣትም ለአዛውንትም መስፈሪያው አንድ ነው። አንድ የምወድለት ነገር ደግሞ ከቁጥሩ ጎን አስተማማኝነቱን በመቶኛ ያሳያል። ሦስት ጨዋታ ብቻ አስመዝግባችሁ “3.8 ነኝ” ብትሉ፣ ሥርዓቱ ራሱ “ገና ነው” ይላችኋል።

ስኳር ላለባችሁ ተከታታዮቼ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት በባዶ ሆዳችሁ የለካችሁት ስኳር ጥሩ ሆኖ ሲገኝ “ዳንኩ” ትላላችሁ፤ እኛ ደግሞ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ምርመራ አምጡ እንላለን። ችሎታም እንደዚያው ነው። ሰው ራሱን ሲገምት የሚያስታውሰው ባለፈው ቅዳሜ የመታትን ያችን ምርጥ ኳስ ነው። መረብ ላይ የቀሩትን ስድስቱን ማን ያስታውሳቸዋል?

ስለዚህ ራሳችሁን ስትገምቱ በምርጥ ኳሳችሁ አትገምቱ። 10 ሰርቭ ምቱና በሰያፍ ትክክለኛው ሳጥን ውስጥ ስንት እንደገቡ ቁጠሩ። 10 ኳስ መልሱና ስንቶቹ ከሜዳው ወደ ኋላ ጠለቅ ብለው እንዳረፉ እዩ። 10 ዲንክ ሞክሩ። ይህንን በሦስት የተለያዩ ቀናት ድገሙት፣ አንዱ ቀን ደክሟችሁ እያለ ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። ከ10 ውስጥ 7 ጊዜ የማይሳካላችሁን ነገር “እችላለሁ” ብላችሁ አትቁጠሩት። ይሄ የማኅበሩ ሕግ አይደለም፣ የኔ መለኪያ ነው። በሁለት ደረጃዎች መካከል ከዋለላችሁ ደግሞ የታችኛውን ንገሯቸው፤ ጨዋታው ራሱ ያወጣችኋል።

“ዶክተር፣ ይሄ ምን አገባህ?” ካላችሁ፣ እንዲህ ነው የሚያገባኝ። ሁለት ተጫዋቾች በየኪችናቸው መስመር ላይ ሲቆሙ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ4 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ርቀት ላይ ጠንካራ ተጫዋች ሲመታት፣ ራኬቱን ከፍ አድርጎ መጠበቅ ያልለመደ ሰው ዓይኑን ነው የሚሰጣት። (የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ ማንም ቢስቅባችሁ ይሳቅ።) ኳሷ በራሱ ላይ ከፍ ብላ ስታልፍ ደግሞ 3.0 ያለው ሰው ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ ይሮጣል። ልምድ ያለው ወይ ዞሮ ይሮጣል፣ ወይ ለጓደኛው ይተዋል፣ ወይ “ትሂድ” ይላታል። ወደ ኋላ እየሮጠ የወደቀ ሰው እጁን ዘርግቶ ያርፋል፣ የእጅ አንጓ የሚሰበረውም ያኔ ነው። በአሜሪካ የድንገተኛ ክፍሎች መረጃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ዋናው የጉዳት መንገድ መውደቅ ነው፣ ከተጎዱት አብዛኞቹ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ናቸው።

እና “ደረጃ መለየት ሰውን መናቅ ነው፣ ሁላችንም አብረን እንጫወት” የሚለውን ሐሳብ በፍቅሩ ብወድለትም አልቀበለውም። አንድ ሰዓት ተቀላቅሎ መጫወት ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም ማን ጀማሪ እንደሆነ አውቆ፣ ኃይሉን ቀንሶ። ከዚህ የባሰው ደግሞ 4.0 ሆኖ ሳለ ዋንጫ ለማግኘት “3.0 ነኝ” ብሎ የሚመዘገበው ነው። ብዙ ሰው እንደ ብልጠት ያየዋል። እኔ የማየው የ66 ዓመት ጀማሪ እናት ፊት ላይ ሊያርፍ የሚችል ስማሽ ነው።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ ልመለስ። ድሮ ቴኒስ ወይም ኳስ የተጫወቱ ሰዎች እኔን በጣም የሚያሳስቡኝ ናቸው። እጃቸው አይረሳም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ 3.5 የሚመስል ኳስ ይመታሉ፣ አዘጋጁም ወዲያው ከ3.5ዎቹ ጋር ያስገባቸዋል። እጃቸው 3.5 ነው፤ የተረከዝ ጅማታቸው ግን 64 ዓመቱ ነው፣ ለ20 ዓመት ደግሞ ሮጦ አያውቅም። አጭር ፍጥነት፣ ድንገተኛ ማቆም፣ ወደ ጎን መወርወር፤ ጅማት የሚበጠሰው በእነዚህ ነው። ሲበጠስ ብዙዎች “ከኋላ የመቱኝ መሰለኝ” ነው የሚሉት።

ተገላቢጦሹም እውነት ነው። 70 ዓመት ሞልቷቸው፣ ከቆሙበት ብዙም ሳይንቀሳቀሱ ኳሷን በፈለጉበት እያስቀመጡ ወጣቶችን የሚያሯሩጡ 4.0ዎች አሉ። ስለዚህ “ሽማግሌ ናቸው፣ ከታች ይጀምሩ” ማለትም ያው ስህተት ነው፤ ዕድሜም የችሎታ መለኪያ አይደለም።

የኔ ሐሳብ፣ ሜዳ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ የሚል ነው። “ሌቭልህ ስንት ነው?” አንዱ። ሁለተኛው “ሰውነትህስ?” ለሁለተኛው ቤት ውስጥ መልስ መፈለግ ትችላላችሁ። ግድግዳ አጠገብ ሆናችሁ፣ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ፣ በአንድ እግር 10 ሰከንድ ቁሙ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በ2022 የታተመ የብራዚል ጥናት ከ51 እስከ 75 ዓመት ያሉ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ይህን ማድረግ ያልቻሉት በቀጣዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ከወንበር እጃችሁን ሳትደገፉ ተነሱ። ፈጠን ብላችሁ እየተራመዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ትችሉ እንደሆነ እዩ። አንዱ ካቃታችሁ ጨዋታው ክልክል ነው ማለት አይደለም። ቁጥራችሁ 4.0 ቢሆን እንኳ ለጊዜው ከቀስተኞቹ ጋር ተጫወቱ፣ እግራችሁን አጠንክሩ ማለት ነው። ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚጨንቃችሁ ወይም ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ግን ከሜዳው በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ።

ለአባታችን እንግዲህ፦ የመጀመሪያውን ስድስት ሳምንት ከጀማሪዎች ጋር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ እረፍት እያደረጉ። የመሮጫ ጫማ ሳይሆን ወደ ጎን ለመንቀሳቀስ የተሠራ የሜዳ ጫማ ይግዙላቸው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ቢመቱ “ደህና ነኝ” ቢሏችሁም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዷቸው። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ቦርሳቸው ውስጥ ከረሜላ ወይም ጁስ አይጥፋ። እባካችሁ ደግሞ በፍርሃት ብቻ አታስቀሯቸው፤ ያ ሶፋ ከፒክልቦል ይልቅ ያሰጋኛል።

ለ3.0ዋ እህቴ ደግሞ፦ ጉልበትሽ አሁን ካላመመሽ፣ ካላበጠና ካልከዳሽ ከ3.5ዎቹ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ግቢ፣ ቀሪውን ከእኩዮችሽ ጋር። ከጨዋታው በኋላ በማግስቱ ካበጠ ግን ቁጥርሽን ሳይሆን ጉልበትሽን ስሚ፣ ታይበት።

እስኪ የ10 ሰርቭ ውጤታችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የሦስቱንም ቀን ነው፣ ምርጡን ብቻ መርጣችሁ እንዳትልኩ።